ግድግዳው ይተንፍስ፦ የድሬው ቡና መጋዘን የሥራ ማስታወሻ

ጥቅምት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዛሬ ቁልፉን ተረከብኩ። ድሬዳዋ፣ መጋላ ሰፈር፣ ከደቻቱ ወንዝ ብዙም ሳይርቅ ያለው የቤተሰባችን የድሮ ቡና መጋዘን ነው። ድሮ ቡና ይበጠርበት፣ ይለቀምበት፣ በጆንያ ተሞልቶ ወደ ባቡር ጣቢያ ይጫንበት ነበር። ከዚያ ብረታ ብረት ተከማቸበት። ከዚያ ሲሚንቶ። ከዚያ ተዘግቶ ቀረ። እኔና ታናሽ ወንድሜ ሥዕል የሚታይበትና ምግብ የሚበላበት ቤት ልናደርገው ተነስተናል። እሱ ሠዓሊ ነው፣ እኔ ዕድሜዬን ወጥ ቤት ውስጥ ያሳለፍኩ ነኝ። ገንዘባችን ትንሽ ነው፣ ጊዜ ግን አለን። የምንሠራውን በየጊዜው እዚህ እጽፋለሁ። አሮጌ ቤት ይዞ ግራ የገባው ሰው ካለ ይጠቅመው ይሆናል።

ዛሬ የሠራነው መለካት ብቻ ነው። 27 ሜትር በ11። ግድግዳው 60 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው፣ ድንጋይ በኖራ የተያያዘ። ጣሪያው ቆርቆሮ። ቆርቆሮውን የተሸከመው እንጨት መስሎኝ ነበር፣ ወንድሜ መሰላል ላይ ወጥቶ ዝገቱን ሲፍቀው ሀዲድ ሆኖ ተገኘ። የባቡር ሀዲድ። ለድሬ ልጅ ይሄ አይገርመውም፤ ከተማው ራሱ ሀዲዱ የወለደው ነው። ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1902 ከጅቡቲ መጥቶ እዚህ ሲደርስ ሐሳቡ ሐረር መግባት ነበር፣ ግን ተራራው አላስወጣው ብሎ ሜዳው ላይ ቆመ፣ ከተማውም በቆመበት በቀለ። አዲስ አበባ የገባው እ.ኤ.አ. በ1917 ነው። ከዳር እስከ ዳር 784 ኪሎ ሜትር። በዚህ አገር ምስጥ እንጨት አያስቀምጥም፣ ሀዲድን ግን አይነካውም፤ ግንበኛው የተነቀለ ሀዲድ ሲያገኝ ለምን እንደወሰደው ይገባኛል።

መሃል ላይ የቡና ማበጠሪያው ማሽን አለ። ቺንጋው ተበጥሷል፣ ዲናሞው የለም፣ አካሉ ግን ሙሉ ነው። ገና በሩን ሳንከፍት ብረት ገዢዎች መጥተው በኪሎ ስንት እንላችሁ አሉን። አንሸጥም አልን።

ጥቅምት 20

ቀኝ ግድግዳው ያለቅሳል። ወደ ደቻቱ የዞረው ማለቴ ነው። ከወለሉ እስከ ደረት ድረስ እርጥብ ነው፣ ነጭ ዱቄት ያወጣል። በጣቴ ነክቼ ቀመስኩት፣ ጨው ነው። ዝናብ ካቆመ ስንት ሳምንት ሆኖታል፣ ታዲያ እርጥበቱ ከየት ይመጣል? አንድ ኮንትራክተር አይቶ ሌላ የሲሚንቶ ልስን ደርባችሁ ቀለም ቅቡት አለን። ዋጋም ጻፈልን።

ደስ አላለኝም። ሰው አጠያይቀን አንድ ሽማግሌ ግንበኛ አገኘን። ሁሉም ሐጂ ነው የሚላቸው። እኔም ሐጂ እላለሁ፣ ደግሞም አንተ ነው የምለው፤ እኛ ጋ አንቱታ ብዙም አልለመደብንም፣ ከአዲስ አበባ የመጣው በያጃችን ግን አንቱ ካላለ አፉ አይፈታለትም። ሐጂ ምንም ሳይናገር በጣቱ አንጓ ግድግዳውን እያንኳኳ ከዳር እስከ ዳር ሄደ። አንዳንዱ ቦታ ድንጋይ ድንጋይ ይላል። አንዳንዱ ባዶ ጣሳ። ከዚያ ዞሮ «አቦ፣ ይሄ ግድግዳ ላስቲክ ለብሷል። አውልቂለት» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድንጋዩና ኖራው ውሃ ይጠጣሉ፣ መልሰው በአየር ያስወጣሉ። ሲሚንቶ ግን ያፍናል። መሬቱ የሰጠው ውሃ መውጫ ሲያጣ ግድግዳው ውስጥ እየወጣ ይሄዳል፣ ጨው ይዞ። ጨው ሲደርቅ ያብጣል፣ ሲያብጥ ኖራውን ይፈረፍራል። ከላይ ሲታይ ቤቱ ጠንካራ ነው፣ ከውስጥ ግን እየላላ ነው። ሲሚንቶን አልጠላም፤ ድሬ ከጣሊያን ወረራ ዘመን ጀምሮ የሲሚንቶ ፋብሪካ ያላት ከተማ ናት፣ ስንት ቤተሰብ አሳድጓል። እዚህ ግድግዳ ላይ ግን ቦታው አይደለም።

ጥቅምት 25

ኖራ ገዛን። የመጀመሪያውን ጭነት መለስነው፤ እርጥበት ነክቶት ግማሹ ሞቷል፣ ውሃ ሲነካው አይፈላም። ሁለተኛው ደህና ነው። ጉድጓድ ቆፍረን፣ ውስጡን በጡብ ለብጠን፣ ኖራውን ከውሃ ጋር አገናኘነው። እንደ ሽሮ ነው የሚንተከተከው። እንፋሎቱ ፊት ያቃጥላል። መነጽርና ጓንት ሳይዝ ማንም አይጠጋ፤ ዓይን ውስጥ ከገባ ቀልድ አይደለም። ሐጂ ቢያንስ ሦስት ሳምንት ይቀመጥ አለ። ውሃ ከላዩ እንዳይጠፋ በየቀኑ አያለሁ።

ኅዳር 2

ልስኑን መፈልፈል ጀመርን። አራት ልጆች፣ መዶሻና መሮ፣ ባሬላ። አቧራው ጉድ ነው። ወንድሜ ከደረት በላይ ያለውን የዘይት ቀለም ለማንሳት ግራይንደር ተከራየ፣ በሁለት ቀን የግድግዳውን ሢሶ ጨረሰው። ፍጥነቱ ደስ ብሎኝ ነበር።

ከሰዓት በኋላ አንዱ ልጅ ጠራኝ። ሲሚንቶው ሲነሳ ከስሩ ቡናማ መስመር ወጣ። ቀጥ ያለ ነው፣ በውሃ ልክ የተሰመረ ይመስላል። ከስሩ ጭቃ ድንጋዩ መጋጠሚያ ውስጥ ገብቶ ደርቋል። ሁላችንም አየነው፣ ማንም አልተናገረም። የ1998 ክረምት ጎርፍ ነው። ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው የወሰደበት። መስመሩን ለካሁት፣ ከወለሉ 1 ሜትር ከ12። ከልጆቹ አንዱ ያኔ ገና አልተወለደም። አንዱ ግን የእናቱን ታላቅ እህት ያጣ ነው፤ መሮውን አስቀምጦ ወደ ውጭ ወጣ። ለዛሬ ይብቃን አልኩ።

እርጥበቱም አሁን ገባኝ። ከጎርፉ በኋላ ግድግዳው ገና ሳይደርቅ አሳምረው በሲሚንቶ ለሰኑት። ውሃው እስከ ዛሬ እዚያው ነው።

ኅዳር 11

ግራይንደሩን መለስን። ለዘለቄታው።

ምክንያቱ ይሄ ነው። ወንድሜ ካቆመበት ቀጥሎ ቀለሙ በራሱ ጊዜ ተላጥቶ የወደቀበት ቦታ ነበር። ከስሩ ኖራ ቅብ አለ። ኖራው ላይ በከሰል የተሰመሩ መስመሮች። አራት ቀጥ ያሉ፣ አምስተኛው በላያቸው የሚያቋርጥ። እንደገና አራት፣ እንደገና አንድ። በረድፍ በረድፍ። በየረድፉ መጀመሪያ ደግሞ ትንሽ ምልክት፦ አንዱ ጨረቃ ይመስላል፣ አንዱ ዓሣ፣ አንዱ ሚዶ። የጆንያ ቆጠራ ይሆናል አልን።

ከዚህ በኋላ ቀለሙን የምናነሳው በሽንኩርት ቢላና በለስላሳ ብሩሽ ነው። አንድ ሰው በቀን አንድ ካሬ ሜትር ከሠራ ጎበዝ ነው። ወንድሜ መዝግቦ ፎቶ እያነሳ ይሄዳል። ሥራው ስንት ወር እንደሚወስድ ስናሰላ በጀታችን አይችለውም፣ ስለዚህ ቀን ሌላ ሥራ፣ ማታ ማታ እኔና እሱ ብቻችንን ቢላ ይዘን።

ኅዳር 27

የመጀመሪያውን ልስን መታን። አንድ እጅ ኖራ፣ ሦስት እጅ አሸዋ። አሸዋው ከደቻቱ ነው፣ ታጥቦ፣ በወንፊት ተነፍቶ። ኖራው ከጉድጓዱ ሲወጣ እንደ አይብ ነው፣ በማንኪያ ይቆረጣል። ሐጂ አንድ ጭብጥ ወርውሮ ግድግዳው ላይ ሲያጣብቀው የሚሰማው ድምፅ አለ፣ ጥፍጥፍ እንደማለት። ወንድሜ አዲስ አበባ ሄዶ ዞማ ሙዚየምን ካየ ጀምሮ የሚያወራው ስለ ጭቃና ስለ ጭድ ነው፤ እዚያ የአገሬው የግንባታ ጥበብ እንዴት እንደሚከበር አይቷል። ዛሬ ኖራ በእጁ ሲነካ ዝም አለ።

ታኅሣሥ 4

ተሰነጠቀ። ስምንት ሜትር ያህል፣ እንደ ደረቀ ኩሬ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ሐጂ ለሦስት ቀን ዘመድ ለቅሶ ሄዶ ነበር፣ ውሃ እየረጫችሁ ጠብቁት ብሎኝ ነው የሄደው። ጠዋትና ማታ ረጨሁ፣ ይበቃል ብዬ። በድሬ ፀሐይ አይበቃም። ኖራ የሚጠነክረው ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቀስ እያለ እየሳበ ነው፣ ለዚያ ደግሞ እርጥብ ሆኖ መቆየት አለበት። ቶሎ ከደረቀ ዱቄት ነው።

ሐጂ መጥቶ አየ። አልተቆጣም። «አትቸኩይ ልጄ፣ እሱ እንደሆን የትም አይሄድም» አለ። አነሳነው፣ ደግመን መታነው። አሁን እርጥብ ጆንያ እናለብሰዋለን፣ በቀን አምስት ጊዜ ጆንያውን እናርሳለን። ባዶ የቡና ጆንያ ነው፣ ከቀፊራ ገበያ የገዛነው። ቤቱ በሙሉ ቡና ቡና ይሸታል።

ታኅሣሥ 29

የወጥ ቤቱ ነገር። ሥዕልና ወጥ ቤት አይስማሙም። የዘይት ጭስ ሸራ ላይ ይቀመጣል፣ አቧራ ይስባል፣ በኋላ አይለቅም። እኔ በጭሱ በኩል ነኝ፣ ወንድሜ በሸራው በኩል፣ ሳምንቱን ሙሉ ተከራከርን።

መጨረሻ ላይ ግቢው አራት ማዕዘን ላይ ቀይ ጨርቅ በረጅም እንጨት አሰርን። ለአስር ቀን ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ጨርቁ ወዴት እንደሚነፍስ ጻፍን። ከዚያ ወሰንን። ወጥ ቤቱ ከትልቁ ቤት ተለይቶ፣ የድሮው የሞተር ክፍል ውስጥ ይሆናል፤ ጭሱ ከአዳራሹ ወዲያ ነው የሚሄድለት። በመሃሉ ስድስት ሜትር ክፍት መተላለፊያ አለ። አስተናጋጆቹ ይሄዳሉ፣ ምግቡ ግን አይቀዘቅዝም፤ በዚህ ሙቀት እንዲያውም።

ጠረጴዛዎቹ የት ይሁኑ ሲባል ግን እኔ ከመጀመሪያው አውቄዋለሁ። ለንደን ስኖር፣ እ.ኤ.አ. በ2009 አካባቢ፣ በዕረፍት ቀኔ ዋፒንግ ሄጄ ነበር። በቴምስ ዳር ያለ የድሮ የውሃ ግፊት ጣቢያ ነው። ውሃ በከፍተኛ ግፊት በቧንቧ እየላከ የከተማውን ሊፍትና ክሬን፣ የቲያትር ቤት መጋረጃ ሳይቀር ያንቀሳቅስ ነበር። በ1890 ተሠርቶ በ1977 ተዘጋ። በ2000 የሥዕል ማሳያና ምግብ ቤት ሆኖ ተከፈተ፣ በዚያው ዓመት ወንዙ ማዶ የነበረው ትልቁ የኤሌክትሪክ ማመንጫም ቴት ሞደርን ሆነ። ቴት በጣም ትልቅ ነው፣ ያደንቁታል። ልቤን የወሰደው ግን ዋፒንግ ነው፣ ጠረጴዛዎቹን የደረደሩት በማሽኖቹ መሃል ነበርና። ሹካ እያነሳሁ አጠገቤ ያለውን የብረት ጎማ በክንዴ እነካው ነበር። ያኔ ይሄን መጋዘን አሰብኩ። ዋፒንግ በ2013 ተዘግቷል፣ ያን ስሰማ ዘመድ የሞተብኝ ያህል ነበር ያዘንኩት።

ማበጠሪያው ማሽን ካለበት አይነቃነቅም። ዝገቱ በሽቦ ብሩሽ ይነሳል፣ ስስ ዘይት ይቀባል፣ ቀለም አይቀባም። ስድስት ጠረጴዛ በዙሪያው።

ጥር 16

ዛሬ የሆነውን እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም፣ ግን ልጻፈው።

ጎረቤታችን አያቱን ይዞ መጣ። በወጣትነታቸው እዚህ ቡና ለቃሚ ነበሩ። ዓይናቸው ደከም ብሏል፣ እግራቸው ግን ቤቱን ያውቀዋል፤ በሩ ጋ ያለችውን ዝቅተኛ ደረጃ ሳያዩ ተሻገሯት። እማማ ብዬ ወንበር አመጣሁ፣ አልተቀመጡም። ቀጥ ብለው ወደ ከሰሉ መስመር ሄዱ። አፍንጫቸው ሊነካው እስኪደርስ ተጠጉ። ሚዶዋ ላይ ጣታቸውን አሳረፉ።

«ይቺ የእህቴ ናት።»

ጆንያ አልነበረም የተቆጠረው። ሴቶቹ መሬት ተቀምጠው ጥቁሩንና የተሰበረውን ፍሬ ይለቅማሉ። አንድ ቁና የለቀመች ካቦው አንድ መስመር ያሰምርላታል፣ ቅዳሜ ተቆጥሮ ይከፈላታል። መጻፍ የሚያውቅ ስለሌለ እያንዳንዷ የራሷ ምልክት አላት። ፊርማዋ ነው። ጨረቃዋ የማን እንደነበረች ነገሩን፣ ዓሣዋ የማን እንደነበረች። ሁለቱ በሕይወት የሉም።

ወንድሜ የእርስዎስ አላቸው። እሱ ከእናታችን ጋር አዲስ አበባ ስላደገ አንቱ ይላል። «የእኔ ጀበና ነበረች» አሉ። «ከእህቴ ቀጥሎ ወደ ግራ።»

ወደ ግራ ምንም የለም። በኅዳር መጀመሪያ በግራይንደር ያጸዳነው ሢሶ ነው። ድንጋዩ ነጭ ሆኖ ይታያል።

ነገርናቸው። መደበቅ አልቻልንም። ዝም ብለው ቆዩና «ይሁን፣ አላወቃችሁም» አሉ። ወንድሜ ከሰል አምጥቶ እዚያው ቦታ ይሣሉልን ብሎ ለመናቸው። እምቢ አሉ። «ያልሠራሁበትን አልፈርምም» አሉ። ቡና አፍልተን እስከ ሦስተኛው ተቀመጡ። ማታ ወንድሜ ሥራ አልሠራም። እኔም።

አሮጌ ቤት ይዛችሁ ከሆነ፣ ማሽን ከማስገባታችሁ በፊት እዚያ ቤት የሠራ ሰው ፈልጉ። እኛ ቅደም ተከተሉን ነው ያበላሸነው። ሽማግሌ ግንበኛ ፈለግን፣ በያጅ ፈለግን፣ ሴቶቹን ግን አልፈለግንም።

የካቲት 7

ጣሪያው። ቆርቆሮው ቀትር ላይ ምድጃ ነው። የብሎኬትና የኮርኒስ ሰዎች ሁሉ ኮርኒስ ምቱ ይላሉ። ኮርኒስ ብንመታ ሀዲዱ አይታይም፣ አየሩም አይንቀሳቀስም። ያደረግነው፦ ጫፉ ላይ በርዝመቱ ሁሉ አንድ ስንዝር ክፍተት ትተን ከላይ ሌላ ጠባብ ቆርቆሮ አለበስነው፤ ሞቃቱ አየር በዚያ ይወጣል። ከግድግዳው ታች የነበሩትን የተደፈኑ የአየር ቀዳዳዎች ከፈትን። ከቆርቆሮው ስር ሰሌን ዘረጋን፣ ሀዲዱ ግን ከስሩ ይታያል። በፊት ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ውስጡ 36 ዲግሪ ነበር። ዛሬ በዚያው ሰዓት 30።

ሥዕል የሚሰቀለው እንዴት ነው ለሚለው፦ አዲሱ ልስን ላይ አንድም ምስማር አንመታም። ከሀዲዱ ቀጭን ሽቦ ወርዶ ሸራው በሽቦው ይንጠለጠላል፣ ከግድግዳውም በሁለት ጣት ይርቃል። አየር ከኋላው ያልፋል። ቀኝ ግድግዳው ላይ ግን እስከ ሚቀጥለው ዓመት ምንም አይሰቀልም፣ ገና እየደረቀ ነው። ከሰሉ ያለበት ቦታም ምንም አይሰቀልበትም። እሱ ራሱ ተሰቅሏል።

የጎርፉን መስመር ሦስት ሜትር ያህል ሳንለስን ትተነዋል። ስለዚህ ከወንድሜ ጋር ተነጋግረናል፣ ከልጆቹም ጋር። አክስቱን ያጣው ልጅ ይቆይ አለ።

የፈቃዱ ወረቀት አሁንም አልወጣም። ማክሰኞ እንደገና እሄዳለሁ።

የካቲት 29

የሙከራ ምሳ። ሃያ ሁለት ሰው፣ አብዛኛው የሠራበት ሰውና የሰፈሩ ሰው። ሩዝ በፍየል፣ ሳምቡሳ፣ ጠዋት ለመጡት ፉል። ከምግብ ዝርዝሩ ሁሉ የምሳሳላት ሆጃ ናት፤ የቡና ገለፈት ተቆልቶ፣ በውሃ ፈልቶ፣ ወተት ገብቶበት። ይሄ ቤት ቡናውን ለጅቡቲ ሲሰጥ ገለፈቱ እዚሁ ነበር የሚቀረው፣ ሰፈሩም የሚጠጣው እሱን ነበር። ለውጭ እንግዳ ብለን በትንሽ ብርጭቆ በውድ ዋጋ እንሽጥ የሚል ሐሳብ መጥቶ ነበር። አይሆንም አልኩ። ሆጃ የሰፈር ዋጋ ይኖራታል። ሥዕል ለማየት የሚገባም ምንም አይከፍልም።

ሁለት ነገር ተበላሸ። የመተላለፊያው መብራት ትሪ ለያዘ ሰው ዓይን ውስጥ ይገባል፣ ዝቅ መደረግ አለበት። የማሽኑ አንድ ጠርዝ የአንዲት ሴትዮን ነጠላ ቀደደ፤ በያጁ ያን ጠርዝ ያልሰዋል።

እማማ መጡ። በእህታቸው ምልክት ትይዩ ባለው ጠረጴዛ ተቀመጡ። ሐጂ አጠገባቸው ተቀምጦ ስለ ድሮ ባቡር ሲያወሩ ዋሉ፣ እኔ ወጥ ቤት ስለነበርኩ ብዙውን አልሰማሁም።

መጋቢት 22

ትላንት ሌሊት ዘነበ። የዓመቱ የመጀመሪያ ትልቅ ዝናብ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወንድሜ ደወለ፣ ባጃጅ ይዤ ሄድኩ። ደቻቱ ድምፅ ነበረው። ልጆቹም ሳይጠሩ መጥተው ነበር፣ በር ላይ ቆመን በባትሪ እያየን አነጋን። ውሃው ከመከላከያው ግንብ በታች አለፈ።

ጠዋት ቀኝ ግድግዳውን በመዳፌ ነካሁት፣ ከዳር እስከ ዳር። ቀዝቃዛ ነው፣ ግን ደረቅ ነው። ጥግ ላይ ትንሽ ጨው አለ፣ ሐጂ በደረቅ ብሩሽ ጥረጊው፣ ውሃ አታስነኪው፣ ገና ሁለት ክረምት ያወጣል አለ። ከሰሉ ደህና ነው።

ቆርቆሮው ሁለት ቦታ ያንጠባጥባል፣ አንዱ ከማሽኑ በላይ። ስሩ ባልዲ አድርገናል፣ ቦታውንም ወለሉ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጌበታለሁ። በያጁ ሐሙስ ይመጣል።